ጠዋት «ጠቅ» ብላ ዝም የምትለው መኪናዬ

ክረምት ከገባ ጀምሮ አሮጌዋ መኪናዬ ጠዋት ቁልፍ ሲዞር «ጠቅ» ብላ ዝም ትል ነበር። የጅማው ኮረብታ ጅሬን ላይ ብታድር ዕዳው ገብስ ነው፤ ቁልቁለቱ ያስነሳታል። የእኔ ቤት ግን ሜዳ ላይ ስለሆነ የሰፈሩ ልጆች ሲገፉ ከረሙ።

ያማከርኳቸው ሁሉ «ባትሪው አልቋል፣ ቀይረው» አሉኝ። በሰው ገንዘብ መምከር ቀላል ነው! ቴስተር ተውሼ ስለካው ያደረው ባትሪ 12.6 ቮልት አሳየ፤ ሙሉ ነው። ቁልፉ ሲዞርም ከ11 ቮልት በታች አልወረደም። ቀጥዬ አንዱን የቴስተር ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አድርጌ ልጄ ቁልፉን አዞረ። 2 ቮልት ገደማ! ግማሽ ቮልት እንኳ መሙላት አልነበረበትም፤ ኃይሉ በባትሪውና በሞተሩ መካከል እየባከነ ነው ማለት ነው።

የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ከሞተሩ ጋር በሚታሰርበት ቡሎን ሥር የጅማ እርጥበት ዝገት አብቅሎበታል። መጀመሪያ ኔጌቲቩን ከባትሪው ፈታሁ፤ ሁልጊዜ እርሱ ይቀድማል። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈግፍጌ፣ ቡሎኑን አጥብቄ፣ ከላይ ግራሶ ቀባሁ። ልኬቱ ወደ 0.2 ወረደ፤ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖም ወዲያው አስነሳት። ልጆቹ ግን የመግፊያ ከረሜላቸው ስለቀረ አኩርፈዋል።