ጭራቃችሁ ለምን በሁለተኛው ዙር ይሞታል? የራስ ፈጠራ ጭራቅ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ይህ ማስታወሻ ለጨዋታ መሪዎች ነው፤ ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በሚባለው፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በዳይስ በሚጫወቱት የታሪክ ጨዋታ ጭራቆቹን ለሚያንቀሳቅሱ። ዙር ምን እንደሆነ፣ የጥሩር ቁጥር ከምን እንደሚወጣ፣ ባለ 20 ገጹ ዳይስ መቼ እንደሚጣል እዚህ አላስረዳም። የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አምስተኛ እትም መሠረታዊ ደንብ በጥር 2023 እ.ኤ.አ. በነፃ ፈቃድ ስለተለቀቀ፣ ደሴም ሆነ ወልድያ የተቀመጠ ሰው በሕጋዊ መንገድ አውርዶ ሊያነበው ይችላል። «መጽሐፉ የለኝም» የሚባል ሰበብ ቀርቷል። ከታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ከዚያው ደንብና በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው የመሪዎች መመሪያ ውስጥ ካለው የጭራቅ መሥሪያ ሠንጠረዥ የተወሰዱ ናቸው።

ጭራቃቸውን በደብተር ጽፈው የሚያሳዩኝ መሪዎች አቤቱታቸው ልዩ ልዩ ነው፤ መንስኤው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። በእሱ እጀምራለሁ፤ ብዙ ቦታም የምሰጠው ለእሱ ነው።

ምልክት፦ ትልቁ ጭራቅ ምንም ሳያደርግ ይሞታል፤ ወይም ውጊያው አያልቅም

ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ይመስላሉ። አንድ ናቸው፤ ሁለተኛው የሚመጣው የመጀመሪያውን በተሳሳተ መንገድ ለመጠገን ሲሞከር ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ሦስተኛ ደረጃ ላይ የደረሱ አምስት ተጫዋቾች አሉ እንበል። ተዋጊው በትልቁ ሰይፍ ሲመታ በአማካይ 10 ያደርሳል። አድፋጩ ወጊ 13 ተኩል፣ ፈዋሹ በብርሃን ምቱ 14፣ አዳኙ በቀስቱ 11 ገደማ፣ አስማተኛው በሦስቱ የእሳት ጨረሮቹ 21። ሲደመር ወደ 70 ይጠጋል። ሁሉም አይመቱም፤ ከመቶ 65 ያህሉ ቢያርፍ በአንድ ዙር 45 ገደማ ጉዳት ይደርሳል። በነፃው ደንብ ውስጥ ያለው ግዙፍ ጅብ የሕይወት ነጥቡ ስንት ነው? 45። ብቻውን ካቆማችሁት የመጀመሪያው ዙር ሳያልቅ ይሞታል ማለት ነው።

አሁን የጭራቁን ወገን ተመልከቱ። አምስቱ ተጫዋቾች አምስት ተራ አላቸው፤ እሱ አንድ። ውጊያው ሁለት ዙር ቢቆይ ሁለት ጊዜ ብቻ ይሞክራል፤ እያንዳንዱ ሙከራ የመሳት ዕድሉ 35 ከመቶ ከሆነ ሁለቱንም የመሳት ዕድሉ 12 ከመቶ ነው። ከስምንት ውጊያ በአንዱ፣ ሳምንት ሙሉ የለፋችሁበት ጭራቅ ማንንም ሳይነካ ይወድቃል። ይህን ደሙ አንሶ የመጣ አድርጎ ማየት ነው ስህተቱ። ያነሰው ተራው ነው።

መሪው ግን ይህን አያይም። የሚያየው ቁጥሩ ቶሎ ዜሮ መሆኑን ነውና የሕይወት ነጥቡን እጥፍ ያደርጋል። አንድ የኮምቦልቻ መሪ ያደረገው ይህንኑ ነው። ከሐረጎ ጉም ውስጥ የሚወጣ ጅብ ሠርቶ ነበር፤ አቀራረቡ በጣም ያምራል። ተጫዋቾቹ ከደሴ ቁልቁል እየወረዱ ሳለ መንገዱ በጉም ተሸፍኖ ከኋላቸው የሌሊት ሳቅ ይሰማል። ሰው ሁሉ ፀጥ ብሎ ነበር። ጅቡ ግን 240 የሕይወት ነጥብ ተሰጥቶት፣ በተራው አንድ ጊዜ ከመንከስ በስተቀር ምንም አያውቅም። አስማተኛው በዚያ ደረጃ ያለው ስድስት የአስማት ዕድል ነው፣ አራት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ሁለተኛ ደረጃ፤ እነሱ አለቁና 5 ተኩል በሚያደርስ ትንሽ የእሳት ምት ቀጠለ። የፈዋሹም አለቀ። በየዙሩ የሚደርሰው ጉዳት እያነሰ ሄደ። ለአቦል የተጀመረው ውጊያ ቶናው ተጠጥቶ፣ በረካው ወርዶ፣ ረከቦቱ ሲነሳ ገና 70 ነጥብ ይቀረው ነበር። ተጫዋቾቹ ስልካቸውን ከፍተዋል። ያ ሁሉ ፍርሃት ባከነ፤ እስካሁን ያናድደኛል።

መፍትሄው እንዲህ ነው። የሕይወት ነጥቡን ተዉትና ተራውን ቁጠሩ።

መጀመሪያ ከተጫዋቾች ተራ ኋላ የሚፈጸሙ እርምጃዎችን ስጡት። በደንቡ ውስጥ ታላላቆቹ ጭራቆች ይህ አላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በዙር ሦስት፣ እያንዳንዱ የሌላ ሰው ተራ እንዳለቀ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ፤ የራሱ ተራ ሲጀምር ይታደሳሉ። ለታላላቆቹ ብቻ የተፈቀደ አድርጋችሁ አትዩት፤ ለሦስተኛ ደረጃ ቡድን ሁለት ይበቃል።

ቀጥሎ፣ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፣ ጉዳቱን አከፋፍሉ እንጂ አትጨምሩ። ከዚህ ምክር ግማሹን ብቻ ሰምቶ የሄደ መሪ ቡድኑን ጨርሷል። የፈተና ደረጃው (የጭራቁ ከባድነት መለኪያ) 3 የሆነ ጭራቅ በሠንጠረዡ መሠረት በዙር የሚያደርሰው ከ21 እስከ 26 ነው። ይህ የዙሩ ጠቅላላ ነው። በተራው 12 የሚያደርስ ንክሻ፣ ከተራው ውጭ ደግሞ እያንዳንዳቸው 6 የሚያደርሱ ሁለት ግፊያዎች ስትሰጡት 24 ይሆናል። ድምሩ ሳይለወጥ ጭራቁ በዙር ሦስት ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ጉዳቱም በአንድ ምስኪን ላይ ከመውረድ ወደ ሦስት ሰው ይዳረሳል።

የሐረጎውን ጅብ ከመሪው ጋር ያስተካከልነው በዚህ መንገድ ነው፦ የሕይወት ነጥብ 90፣ የጥሩር ቁጥር 13፣ ለመምታት 5 ድምር (በዳይሱ ላይ የሚደመር)። ንክሻው ሁለት ባለ 8 ገጽ ዳይስና 3 ድምር። ከተራው ውጭ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ በትከሻው ገፍቶ ከመንገዱ ጠርዝ ያስጠጋል፣ ወይ ሳይመታ ጉሙ ውስጥ ይገባል። የሕይወት ነጥቡ 45 ሲደርስ ጉሙ ይወፍራል፤ ከዚያ በኋላ ከሁለት እርምጃ በላይ የሚያይ የለም፣ እሱ ግን በማሽተት ያገኛቸዋል። ከሥሩ አራት ተራ ጅቦች፣ በደንቡ እንዳሉት 5 የሕይወት ነጥብ ያላቸው፣ አስከተልን። ሲጫወቱት ውጊያው ሦስት ዙር ወሰደ፣ አንድ ሰው ገደሉ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ፣ ሁለተኛው ስኒ አልቀዘቀዘም።

ግማሽ ላይ የሚመጣውን ለውጥ አትርሱ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት የሆነ ውጊያ ሦስት ዙርም ይረዝማል።

ብቸኛ ጭራቅን በአንድ አስማት መጣልም የዚሁ ችግር ዘመድ ነው። መሬት ላይ አንከባልሎ የሚያስቅ አንደኛ ደረጃ አስማት አለ፤ ጭራቁ ከአስማቱ ለማምለጥ የሚጥለው የመትረፊያ ዳይስ ካልተሳካለት ተራውን ሁሉ ያጣል፤ ተራው አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሁሉን አጣ ማለት ነው። ታላላቆቹ ጭራቆች በቀን ሦስት ጊዜ «ተርፌአለሁ» የማለት መብት አላቸው። እኔ ለትንንሽ ቡድኖች ያንን እንዳለ አልመክርም፤ አስማተኛው ሦስት ጊዜ በከንቱ ይለፋል። አንድ ጊዜ ብቻ ይፈቀድለት፣ ዋጋም ይክፈልበት፦ 10 የሕይወት ነጥብ ይጣ፣ ወይም ቆዳው ተሰንጥቆ የጥሩር ቁጥሩ በ2 ይውረድ። አስማተኛው ያኔ ዕድሉን አቃጥሎም አንድ ነገር እንዳደረገ ያያል።

አንድ የወልድያ ቡድን ደግሞ ሐይቅ ውስጥ የሚኖር ዘንዶ ነበረው። ጭራቁ ለቅደም ተከተል የጣለው ዳይስ 3 ሆነበትና ተራው ሳይደርስ ሞተ። መሪው በዳይሱ ተማረረ። ዳይሱ አልበደለም፤ ዘንዶው ውኃው ላይ ብቅ ብሎ እስኪመታ መጠበቁ ነው የበደለው። ውጊያው ሲጀመር አንድ ነገር ተፈጽሞ ይቆይ፤ ታንኳው ተጠምጥሞበት፣ ቀዛፊው ውኃ ውስጥ፣ ገመዱ ተበጥሶ። ተጫዋቾቹ የመጀመሪያውን ተራ ከመምታት በተጨማሪ ለማዳን እንዲያውሉት ይገደዳሉ።

ምልክት፦ መንጋው ቡድኑን ይጨርሳል

ከላይ ያለውን አንብቦ «እንግዲያው ጭራቅ አበዛለሁ» የሚል ሁሉ ይህን ያንብብ። ተራ ለእናንተ ሲበዛም ያው ሕግ ይሠራል።

ቦረና ሳይንት አካባቢ ያለውን ጭላዳ መሠረት አድርጎ የተሠራ መንጋ አይቻለሁ፤ እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ እሱን እወደዋለሁ። ሠሪው እንስሳውን በደንብ አይቷል። ቀን ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል፤ ሲመሽ ገደል ወርዶ ያድራል፤ ወንዱ ሲቆጣ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ያሳያል። ይህ ሁሉ ጨዋታው ውስጥ ገብቶ ነበር። አውራው ከንፈሩን በገለበጠ ቁጥር በቀጣዩ ዙር መንጋው በሙሉ ወደ አንድ ሰው ይዞራል፤ ተጫዋቾቹም ምልክቱን ተምረው መሸሽ ጀመሩ። ጭራቅ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ በቁጥር ሳይሆን በጠባይ።

ችግሩ አሥራ ሁለት መሆናቸው ነበር፤ ሁሉም ጓደኛ አጠገብ ሲኖር ሁለት ዳይስ ጥለው የተሻለውን ይወስዳሉ። አንደኛ ደረጃ አስማተኛ ሲጀምር ያለው 6 የሕይወት ነጥብና የጥንካሬው ድምር ነው። ሁለተኛ ተራው ሳይደርስ ወደቀ። በመጀመሪያ ደረጃዎች ከተጫዋቾቹ ቁጥር እጥፍ አትለፉ፤ ያንንም ስታደርጉ የመንጋውን አባል በደንቡ እንዳለው ዝንጀሮ በ3 የሕይወት ነጥብ አቁሙት፣ በአንድ ምት ይውደቅ። የመንጋው ቁጥር ሲያንስ ይሽሽ። እንስሳ እስከ መጨረሻው አባል አይዋጋም።

ምልክት፦ አንድ ምት፣ አንድ ሬሳ

ምክንያቱ ዳይሱን «ያስፈራ» ተብሎ መምረጥ ነው። ሦስት ባለ 12 ገጽ ዳይስና 5 ድምር አማካዩ 24 ተኩል ነው። 8 የሕይወት ነጥብ ያለውን ሰው ዜሮ ካደረሰ በኋላ የተረፈው ጉዳት 8 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውዬው ወዲያው ይሞታል፤ የሞት መትረፊያ ዳይስ እንኳ አይጥልም። ወር የተለፋበት ባለታሪክ በዚህ ሲጠፋ ተጫዋቹ አይመለስም። ለአንደኛ ደረጃ ቡድን ከአንድ ምት የሚወጣው ከፍተኛው ቁጥር (አማካዩን አላልኩም) ከደካማው ተጫዋች የሕይወት ነጥብ እጥፍ በታች ይሁን።

ምልክት፦ አንድ ተጫዋች ሙሉ ማታ ቁጭ ብሎ ያያል

የሚያደነዝዝ ጭራቅ፣ የመትረፊያ ቁጥሩ 18። ድምር የሌለው ተጫዋች የሚተርፈው 15 ከመቶ ነው። በሠንጠረዡ እስከ 3ኛ የፈተና ደረጃ ያለው ቁጥር 13 ነው፤ ከዚያ አትውጡ። በየተራው መጨረሻ እንደገና ይሞክር። ሰው ከሥራ ወጥቶ፣ በደሴ ብርድ ዳገት ወጥቶ የመጣው ለመጫወት ነው።

ምልክት፦ ቁጥሩ አይገጥምም

በቴሌግራም የሚዞሩትን የጭራቅ ዝርዝሮች ማለቴ ነው። «12 ባለ 10 ገጽ ዳይስና 24 ድምር፣ አማካይ 66» ብሎ የተጻፈ አይቻለሁ። 12 በ5 ተኩል 66 ነው፤ 24ቱስ የት ሄደ? አማካዩ 90 ነው። የፈተና ደረጃ 2 ብለው ለመምታት 11 ድምር የሰጡም አሉ፤ ሠንጠረዡ 3 ነው የሚለው። ሳትደምሩ ወደ ጨዋታ አታምጡ። እባካችሁ ሳትደምሩ ለሌላም አታስተላልፉ።

ምልክት፦ ጨዋታው መሀል አንድ ሰው ዝም ይላል

ይህን በቁጥር ማስተካከል አይቻልም። ቀን አንጥረኛ ወይም ሸክላ ሠሪ፣ ሌሊት ጅብ የሚሆን ሰው ጭራቅ አድርጋችሁ አትሥሩ። ቡዳ የሚለው ስም በእውነተኛ ሰዎች ላይ የተለጠፈ ነው፤ በዚህ ምክንያት የተገለሉ፣ ጋብቻ የተከለከሉ ቤተሰቦች ልጆች ከጎናችሁ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። ዛርም እንዲሁ፤ እናቱ የታመመችበት አለ። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው የሚጫወተው፤ የማንንም ወልይ፣ የማንንም ጻድቅ፣ የማንንም መልአክ የሕይወት ነጥብ ሰጥታችሁ አታቁሙ። ጅቡ ጅብ ይሁን፣ ጉሙ ጉም ይሁን። ከዚያ ውስጥ የሚወጣው ፍርሃት ይበቃል።

ቀሪዎቹ በአጭሩ

ተራ ብረት የማይነካው ጭራቅ፦ ሁለተኛ ደረጃ ቡድን አስማታዊ መሣሪያ የለውም። እስከ 4ኛ የፈተና ደረጃ ጉዳትን በግማሽ የሚቀንስ ጠባይ የሕይወት ነጥቡን እጥፍ እንደማድረግ ይቆጠራል፤ እናንተም እንደዚያ ቁጠሩት።

ደካማ ጎኑን ማንም አያገኝም፦ ከውጊያው በፊት ሁለት ቦታ አሳዩት፤ አንዱን በሬሳ ላይ፣ አንዱን ከሞት ባመለጠ እረኛ አፍ።

ሲሸሽ ማንም አይከተለውም፦ የእነሱን ነገር ይዞ ይሽሽ፤ በቅሎዋን ከነጭነቷ።