ደንገጎን ከመውረዳችሁ በፊት

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የምትነዱ፣ የደንገጎ ቁልቁለት ላይ ሳትደርሱ ስልካችሁን ከእጃችሁ አርቁት። ረዳት ካለ ለረዳቱ ስጡት። ከሌለ ድምፁን አጥፍታችሁ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀምጡት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። መልእክት ለማንበብ 3 ሰከንድ ካቀረቀራችሁ 50 ሜትር ሳታዩ ነዳችሁ ማለት ነው። በዚያ ቁልቁለት ላይ 50 ሜትር ውስጥ ኩርባ አለ፣ ቀስ እያለ የሚወርድ ከባድ መኪና አለ፣ ፍየል የሚነዳ ልጅ አለ።

ጫቱን በተመለከተ ግን በግልጽ እንነጋገር። «ስመረቅን እንደውም ንቁ ነኝ» የሚል ሾፌር ብዙ ነው። ጫት ድካምን ይደብቃል እንጂ አያጠፋም። ኃይሉ ሲለቅ የተደበቀው እንቅልፍ መሪ ላይ እያላችሁ ይመጣል። በምርቃና ሰዓት ደግሞ ሰው ራሱን ከሚችለው በላይ ይተማመናል፤ ለመቅደም የሚቸኩለውም ያኔ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ጨብሲ፣ ማለትም ከጫት በኋላ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው አልኮል ነው። ጫቱ ስካሩን ስለሚሸፍነው የጠጣው ሰው ደህና የሆነ ይመስለዋል። እጁና ዓይኑ ግን ዘግይተዋል። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር አልኮልን ከደም አያወጣም፤ ጊዜ ብቻ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ የጨበሰ ሰው ቁልፉን ላልጠጣ ይስጥ፣ ካልሆነም እዚያው ይደር።

ተሳፋሪ ስትሆኑም ዝም አትበሉ። ሾፌሩ ስልክ ሲነካካ ካያችሁ «ወንድሜ፣ በናትህ አስቀምጠው፣ ካስፈለገ ዳር ይዘህ አውራ» በሉት።