ጥሬ አቮካዶ ቤት ውስጥ በደንብ እንዲበስል

ሐዋሳ ላይ አቮካዶ ማግኘት ቀላል ነው፤ ከባዱ ለፈለጋችሁት ቀን ማድረሱ ነው። ከጉሊት የገዛችሁት ድንጋይ ቢሆንባችሁ ሻጯን አትውቀሱ። አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይለሰልስም፣ መብሰል የሚጀምረው ከተቆረጠ በኋላ ነው።

የሚያበስለው ኤቲሊን የሚባል ሆርሞን ነው፤ ጋዝ ነው። ፍሬው ራሱ ይሠራዋል፦ ኤሲሲ ሲንቴዝ የተባለው ኢንዛይም መነሻውን ንጥረ ነገር ያዘጋጃል፣ ኤሲሲ ኦክሲዴዝ ደግሞ ያንን ወደ ኤቲሊን ይቀይረዋል። የወጣው ኤቲሊን ተመልሶ እነዚሁን ኢንዛይሞች ስለሚያበዛ ነገሩ አንዴ ከተነሳ እየፈጠነ ይሄዳል፤ ከዚያ ሌሎች ኢንዛይሞች የሴሎቹን ግድግዳ እያላሉ ፍሬውን ያለሰልሱታል።

እንግዲህ አቮካዶውን ከአንድ ሁለት የበሰለ ሙዝ ጋር በጋዜጣ ጠቅልሉት ወይም ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት። ሙዙም ኤቲሊን ይለቃል። ለቅዳሜ እንግዳ ካለባችሁ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጀምሩ።

እባካችሁ በፌስታል ጥብቅ አድርጋችሁ አትቋጥሩት! ኤሲሲ ኦክሲዴዝ ያለ ኦክስጅን አይሠራም፤ የታፈነ ፍሬ በወጉ ሳይበስል ያልበውና ይሻግታል። ፀሐይ ላይ ማስጣትም አይጠቅምም፣ ሙቀቱ ወደ 35 ዲግሪ ሲጠጋ ፍሬው ኤቲሊን የመሥራት አቅሙ ይዳከማል። ጥላ ያለው የቤት ጥግ ይበቃዋል።

የተመታውን ለዩት። ተክል ሲቆስል ለጉዳቱ ከሚሰጠው ምላሽ አንዱ ኤቲሊን መልቀቅ ነው፤ ስለዚህ ወድቆ የተቀጠቀጠው ቀድሞ ይበስላል፣ አጠገቡ ያሉትንም ያጣድፋቸዋል። እሱን መጀመሪያ ለጭማቂ አውሉት። ጎመንና ሰላጣም ከእነዚህ ፍራፍሬዎች አርቁ፤ ኤቲሊን የቅጠሉን አረንጓዴ ቀለም የሚያፈርሱትን ኢንዛይሞች ስለሚቀሰቅስ ቶሎ ቢጫ ይሆኑባችኋል።

ፍሪጅ የሚገባው ለስለስ ሲል ነው። በአንገቱ በኩል በቀስታ ጫን በሉት፣ ገባ ካለ ደርሷል። ቅዝቃዜው ኢንዛይሞቹን ስለሚያዘገይ ጥቂት ቀን ያቆይላችኋል። ጥሬውን ካስገባችሁት ግን፣ በተለይ ከቆየ፣ ብርዱ ይጎዳውና በኋላ ብታወጡትም እኩል አይበስልም፣ ውስጡም ሊጠቁር ይችላል።

ግማሹን ብቻ ከተጠቀማችሁ የተቆረጠውን የሚያጠቁረው ሌላ ኢንዛይም ነው፣ ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ ይባላል። እሱም ኦክስጅን ይፈልጋል፣ አሲድ ደግሞ ያዳክመዋል። ሎሚ ቀቡትና፣ አሁን ፌስታሉን አምጡት፣ አየር እንዳይገባው ጥብቅ አድርጋችሁ ሸፍኑት።