የድሮ ዋይድ ሌንስን በአዲስ ካሜራ ላይ እንዴት እንጠቀም?

ከፊልም ካሜራ ዘመን የቀረ 28 ወይም 35 ሚሊ ሜትር ዋይድ (ሰፊ ቦታ የሚያሳይ) ሌንስ ቤት ውስጥ ካለ፣ ወይም አንዱ በርካሽ ልሽጥላችሁ ካለ፣ አትናቁት። ከድሮ ማንዋል (ፎከሳቸው በእጅ የሚዞር) ሌንሶች ሁሉ ለመልመድ የሚቀለው ዋይዱ ነው።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ግን ውስጡን እዩ። በተለይ ጅማ ከሆናችሁ። እዚህ ዝናቡ ብዙ ነው፣ አየሩም እርጥብ ነው፤ ለዓመታት በቆዳ ቦርሳው ውስጥ ተዘግቶ የኖረ ሌንስ በቀላሉ ይሻግታል። ሁለቱንም ክዳን አንሱ፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ) እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ የስልካችሁን ባትሪ በአንድ በኩል አብርታችሁ በሌላው በኩል ሰያፍ አድርጋችሁ ተመልከቱ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። ትንሽ አቧራ ችግር የለውም። ከገዛችሁ በኋላም ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ) የተጨመረበት፣ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት።

ቀጥሎ አዳፕተር፣ ማለትም የድሮውን ሌንስ ከአዲሱ ካሜራ ጋር የሚያገናኘው ቀለበት። ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ) ካላችሁ ነገሩ አልቋል ማለት ይቻላል። የኒኮን ኤፍ ሌንስ ማውንቱ (ካሜራው ላይ የሚገጥምበት አፍ) ከሴንሰሩ (ምስሉን ከሚቀበለው ክፍል) 46.5 ሚሊ ሜትር እንዲርቅ ተደርጎ ነው የተሰራው፤ ሶኒ ኢ በሚባለው የሚረርለስ ማውንት ላይ ይህ ርቀት 18 ብቻ ነው። የቀረውን 28.5 ሚሊ ሜትር የሚሞላው ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ቀለበት ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም። ዲኤስኤልአር (ውስጡ የሚንቀሳቀስ መስታወት ያለው ካሜራ) ላይ ግን ተጠንቀቁ። ኒኮን ኤፍ ካነን ኢኤፍ ላይ ይገጥማል፤ የድሮው ካነን ኤፍዲ ግን የሌንስ መስታወት ያለው አዳፕተር ካልተጨመረለት ሩቁን አያጠራም፣ ያ መስታወት ደግሞ ብዙ ጊዜ ምስሉን ያደበዝዛል። እኔ ብሆን አልገዛውም።

ሌንሱን ስትገጥሙ ካሜራው ሌንስ እንዳለው አያውቅም። ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ሌንስ ሳይኖርም እንዲያነሳ ፍቀዱለት። ሞዱን ኤ አድርጉት፣ ካነን ላይ ኤቪ ነው። አፐርቸሩን በሌንሱ የአፐርቸር ቀለበት እናንተ ትመርጣላችሁ፣ ሹተር ስፒዱን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ካሜራው ያሰላል። ካሜራው ራሱ የንዝረት መከላከያ ካለው የሌንሱን ቁጥር፣ ለምሳሌ 28 ብላችሁ አስገቡለት። ሴንሰሩ ኤፒኤስሲ (ከፊልም ፍሬም ያነሰ) ቢሆንም 28 ነው የሚገባው፣ ምንም እንኳ የሚያሳየው እንደ 42 ገደማ ቢሆንም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ሌንሱ ላይ የተጻፈውን የፎከስ ርቀት አትመኑ! ርካሽ አዳፕተሮች ብዙ ጊዜ ትንሽ ቀጠን ተደርገው ይሰራሉ፣ ሩቁ ጭራሽ እንዳይጠፋ ተብሎ። ይህ ደግሞ የሚጎዳው ዋይዱን ነው። አዳፕተሩ በ0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያጥር፣ 28ቱ ሩቁን የሚያጠራው የፎከስ ቀለበቱ 8 ሜትር አካባቢ ሲያሳይ ነው፤ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ ግን 25 ሜትር ሲያሳይ ነው። ስለዚህ ቀለበቱን ዝም ብላችሁ እስከ መጨረሻው ካዞራችሁ ሁሉም ነገር ብዥ ይላል።

መፍትሔው የራሳችሁን ምልክት ማድረግ ነው። ወደ ጅሬን ውጡ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ ቁልቁል ከተማውን እያያችሁ ራቅ ያለ የጣሪያ ጠርዝ ምረጡ። አፐርቸሩን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፣ ስክሪኑን አጉልታችሁ ቀለበቱን በቀስታ አዙሩ፣ ጠርዙ ጥርት ባለበት ቦታ ላይ በጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጉ። ከዚያ ለ28ቱ 3.3 ሜትር በሜትር ለክታችሁ አንድ ዕቃ አስቀምጡና ሁለተኛ ነጥብ ጨምሩ። ኤፒኤስሲ ከሆነ 5 ሜትር አድርጉት።

ዋይዱ ይቀላል ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ የፊልም ፍሬም ያህል የሆነ) ካሜራ ላይ የ28ቱን አፐርቸር ኤፍ 8 አድርጋችሁ ቀለበቱን ሁለተኛው ነጥብ ላይ ካስቀመጣችሁት፣ ከ1.7 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ በበቂ ይጠራል። ፎከስ መፈለግ ቀረ ማለት ነው። ሂርማታ ገበያ ውስጥ ሰው እየተጋፋ፣ ተሸካሚው ዞር በሉ እያለ፣ ፎከስ የሚጠብቅላችሁ ማንም የለም፤ አስፈቅዶ፣ ካሜራውን አንስቶ መጫን ብቻ ነው። ብርሃኑ ካነሰ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ጨምሩ እንጂ አፐርቸሩን አትክፈቱ።

የድሮ ሌንስ ፀሐይን ፊት ለፊት አይወድም፣ ምስሉ ነጣ ነጣ ይላል። በግራ እጃችሁ ጥላ ሥሩለት፣ ግን ዋይድ ስለሆነ ጣታችሁ ፍሬሙ ውስጥ እንዳይገባ ጠርዞቹን እያያችሁ።