ከአንዱ ራቭ ፎር ወደ ሌላው ስትሸጋገሩ ምን ማየት አለባችሁ?

የቶዮታ ራቭ ፎርን ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ትውልድ በየተራ ነድቻለሁ። መኪናውን ከልቤ እወደዋለሁ። ግን ስሙ አንድ ስለሆነ አነዳዱም ጥገናውም አንድ ነው ብላችሁ አትነሱ። በተለይ ኃይሉ ወደ አራቱ ጎማዎች የሚደርስበት መንገድ ከትውልድ ትውልድ ይለያያል።

ከሁሉም በፊት መኪናው በእርግጥ አራቱም ጎማ የሚስብ መሆኑን አረጋግጡ። በፊት ጎማ ብቻ የሚሄዱ ራቭ ፎሮች ብዙ ናቸው። ከውጭ ሲታዩ አይለዩም። የሻጩን ቃል ትታችሁ ከኋላ በኩል ጎንበስ በሉና ከታች እዩ። ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ ወደሚያከፋፍለው ጊርስ) የሚሄድ ረጅም ዘንግ ካለ ፎር ዊል ነው። (ሃይብሪድ፣ ማለትም በነዳጅና በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ እመለስበታለሁ።)

እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የመጀመሪያው ትውልድ ፎር ዊሉ ሁልጊዜ አራቱንም ጎማ ይነዳል። የእኔ ማንዋል ነበር። ማንዋሉ የመሃል ዲፈረንሻሉን፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለውን፣ የሚቆልፍ ቁልፍ አለው። ጭቃ ከመግባታችሁ በፊት ተጫኑት፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ስትወጡ ደግሞ ወዲያው አጥፉት። ተቆልፎ እያለ በደረቅ መንገድ ብትጠመዝዙ መኪናው ይታሰራል፣ ጎማውም ጊርሱም ይጎዳል። የዚህ ሞተር ታይሚንግ (የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት ከሞተሩ ዙር ጋር የሚያስተካክለው) የጎማ ቺንጋ ነው። በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀየራል። ሻጩ መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለው፣ ገዝታችሁ ሌላ ነገር ሳትነኩ እሱን ቀይሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 የመጣው ሁለተኛው ትውልድ የቤንዚን ሞተሮቹ ታይሚንግ የብረት ካቴና ስለሆነ ይህ ጭንቀት የለም። ለካቴናው ዋናው ነገር ዘይት በጊዜው መቀየር ነው። መሪው መንገዱን እጅ ላይ በግልጽ ያሳውቃል፣ እስካሁን የሚናፍቀኝም እሱ ነው። ሦስተኛው ላይ መሪው ኤሌክትሪክ ሆነ። ቀለለ፣ ግን ዝም አለ።

ሦስተኛው ትውልድ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በተለመደው መንገድ የሚስቡት የፊት ጎማዎች ናቸው። ሲንሸራተቱ ኮምፒውተሩ ኃይል ወደ ኋላ ይልካል። የ‹ሎክ› ቁልፍ አለው፣ ነገር ግን ፍጥነታችሁ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ሲደርስ ራሱ ይለቃል። ስለዚህ ቀስ ብላችሁ ለምትወጡት አስቸጋሪ ቦታ ነው የተሠራው። ጎማው መሽከርከር እስኪጀምር አትጠብቁ፤ ከመግባታችሁ በፊት ተጫኑት። አሸዋ ውስጥ ነዳጅ ደጋግማችሁ ስትረግጡ የኋላውን የሚያገናኘው ክፍል ይግላል፣ መብራትም ያበራል። ያኔ ቁሙና ይቀዝቅዝ። መታገሉ ትርፍ የለውም።

አራቱም ጎማ አንድ ዓይነት መጠንና ተቀራራቢ እርጅና ይኑረው። ሁለቱ አዲስ ሁለቱ ያለቀ ከሆነ በእኩል ፍጥነት ስለማይዞሩ ማገናኛው ያለ እረፍት ይሠራል። ስትሞክሩት ሰፊ ደረቅ ሜዳ ፈልጉ። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ በዝግታ ክብ ሥሩ። ሬዲዮ ይጥፋ፣ መስኮት ይከፈት። ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከፊት ከመጣ የአክስሉ መገጣጠሚያ አልቋል። መኪናው ካንገራገረ ደግሞ ችግሩ ፎር ዊሉ ጋ ነው፤ ሜካኒክ ሳያየው አትክፈሉ።

የኋላውን በርም አትለፉት። እስከ ሦስተኛው ትውልድ ድረስ በሩ ወደ ጎን ነው የሚከፈተው፤ ስኮርታ ጎማውንም አብዛኛውን ጊዜ የሚሸከመው እሱ ነው። ያ ሁሉ ክብደት የተንጠለጠለው ማጠፊያው ላይ ነው። በሩን እስከ ግማሽ ክፈቱና ጫፉን በሁለት እጅ ወደ ላይ አንሱት። ከተንቀጫቀጨ ማጠፊያው ተበልቷል፣ ኮረኮንች ላይም ሲንኳኳ ይውላል። በሩ ወደ ቀኝ ስለሚዞር፣ በመንገዱ ቀኝ በኩል በሚነዳበት አገር ዳር ይዛችሁ ስትቆሙ በእናንተና በእግረኛው መንገድ መካከል ይገተራል። ዕቃ ለሚያመላልስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አራተኛው ላይ በሩ ወደ ላይ የሚከፈት ሆነ፤ ስኮርታውም ወለል ስር ገባ። እኔ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

አሁን ወደ ሃይብሪዱ። አራተኛው ትውልድ ላይ የመጣው የሃይብሪድ ፎር ዊል ረጅሙ ዘንግ የለውም። የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ለብቻው የተቀመጠ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ጎንበስ ስትሉ ዘንግ ባታዩ ስለዚህ አትደናገጡ፤ በኋላ ጎማዎቹ መካከል ሞተሩን ፈልጉ። ለከተማ ዝናብና ለተለመደ ኮረኮንች በደንብ ይበቃል። የሚቆለፍ ነገር ስለሌለው ግን ከባድ ጭቃ የዘወትር መንገዳችሁ ከሆነ አሮጌውን ባለ ሎክ እመርጥላችኋለሁ። ስትገዙ የኋላ ወንበሩ አካባቢ ያለውን የባትሪ ማቀዝቀዣ አየር መግቢያ እዩ። አቧራ ወይም ፀጉር ከደፈነው ባትሪው ይግላል። ከገዛችሁ በኋላም ጃኬትም ሆነ ቦርሳ እዚያ ላይ አታስቀምጡ፤ ማጣሪያውንም በየሰርቪሱ አስጠርጉ።