ሁለት ሆኖ ኬንያ ሦስት ወር፦ እኛ የሠራናቸው፣ እናንተ የማትደግሟቸው ስህተቶች

ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት እኔና ባለቤቴ ሻንጣችንን ይዘን ኬንያ ገባን። ሦስት ወር ቆየን። ናይሮቢ፣ ሞምባሳ፣ ላሙ። እሱ ሥራው በላፕቶፕ ነው። እኔ የዓመት ፈቃዴ ላይ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጨምሬ ነው የወጣሁት። ኬንያን የመረጥነው ለኢትዮጵያዊ ቪዛ ስለማይጠይቅ ነው። ደግሞም «ጎረቤት አይደል፣ ምን ይከብዳል?» ተባባልን። ጉድ የሠራችን ይቺው «ጎረቤት አይደል» ናት። ሩቅ አገር ቢሆን እንጠነቀቅ ነበር።

ገንዘቡን ሁሉ አንድ ስልክ ላይ ማድረግ

ኬንያ ውስጥ ኤምፔሳ የሌለው ሰው ኪስ እንደሌለው ሰው ነው። እነሱ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኖረውበታል። ማታቱ (የነሱ ሚኒባስ ታክሲ) ላይ፣ ሱቅ ውስጥ፣ አትክልት የምትሸጠው «ማማ ምቦጋ» ጋ ሳይቀር የሚከፈለው በስልክ ነው።

ሲም ካርድ የሚወጣው ፓስፖርት ታይቶ ተመዝግቦ ነው። የሄድን ቀን ወረፋው ረዥም ነበር። «ተይው፣ የኔ ይበቃናል» አለ ባለቤቴ። እኔም እሺ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቲማቲም ባሏን የምታስፈቅድ ሴት ሆንኩ። እሱ ስብሰባ ላይ ነው። እኔ ማማ ምቦጋዋ ፊት ቆሜ «ላክላት» እያልኩ እጽፍለታለሁ። አያይም። ሴትየዋ ሱኩማዬን፣ ጎመኔን ማለቴ ነው፣ እንደ ፀጉር አቅጥና ከትፋ ጨርሳ፣ በላስቲክ አስራ፣ እጇን በጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችብኝም። እኔ ነኝ ያፈርኩት።

ሌላው ጣጣ ሶኬቱ ነው። የኬንያ ሶኬት እንደ እንግሊዝ ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ነው፤ የኛ ባለ ሁለት እግር ቻርጀር ዝም ብሎ አይገባበትም። ለሁለታችን የያዝነው አዳፕተር አንድ ብቻ ነው። ቅድሚያ ላፕቶፑ ያገኛል፣ ስልኩ ይረሳል። አንድ ማታ ራት በልተን ሒሳብ መጣ፤ ስልኩ ድርግም አለ። ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ደሃ ሆንን። አስተናጋጁ ስልኩን ወስዶ ቻርጅ ላይ እስኪሰካልን ድረስ ባዶ ሳህን ላይ ስንፋጠጥ ቆየን። እቤት እስክንደርስም አልተነጋገርንም። ላየን ሰው የተጣላነው በባትሪ ይመስላል። እኔ ግን የተናደድኩት ከሦስት ሳምንት በፊት «ይበቃናል» በተባለችው ቃል ነው።

ሁለት ሲም፣ ሁለት ኤምፔሳ፣ ሁለት አዳፕተር። በየቦርሳችሁ ደግሞ ለክፉ ቀን ትንሽ ጥሬ ሺሊንግ።

ሰዓቱን «ወደ ፈረንጅ» መቀየር

ይህን ስህተት የሚሠራው ሐበሻ ብቻ ነው። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው ልክ እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ነው። «ሳ ሞጃ» ማለት አንድ ሰዓት ነው፤ የኛው የጠዋቱ አንድ ሰዓት። እንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን በፈረንጅ ይቆጥራሉ።

ከሞምባሳ ወደ ላሙ ለመሄድ የአውቶብስ ትኬት ቆረጥን። ትኬቱ ላይ በእጅ የተጫረውን ሰዓት ማንበብ አልቻልንም። ቆራጩን ስንጠይቀው ሦስት ጣቱን አወጣና «ሳ ታቱ አሱቡሂ» አለ። ባለቤቴ ቁጥር እስከ አስር ለምዷል። «ሦስት ነው ያለው። የነሱ ሦስት በኛ ዘጠኝ ነው» አለኝ ደረቱን ነፍቶ። በማግስቱ እስኪበቃን ተኛን፣ ቁርስ በላን፣ ሻይ ደገምን፣ ስምንት ተኩል ላይ መናኸሪያ ደረስን። አውቶብሱ ከሄደ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖታል። ሦስት ሰዓት ማለት ሦስት ሰዓት ኖሯል!

«አሱቡሂ» ጠዋት ነው፣ «ኡሲኩ» ሌሊት። እነዚህን ሁለት ቃላት ብናውቅ ኖሮ አዲስ ትኬት አንገዛም ነበር። በስዋሂሊ ከነገሯችሁ ሰዓቱ የናንተው ነው፤ ምንም አትንኩት። በእንግሊዝኛ ከነገሯችሁ ቀይሩት።

አማርኛን የምስጢር ቋንቋ ማድረግ

ናይሮቢ ታክሲ ውስጥ ነን። ሹፌሩ ባላሰብነው በኩል ታጠፈ። እኔ ድምፄን እንኳ ሳልቀንስ «ይሄ ሰውዬ እያዞረን ነው፣ ሒሳብ ሊቆልል ነው» አልኩ። ሰውየው በመስታወት አየኝና «እህቴ፣ ያኛው መንገድ ዝግ ነው» አለኝ። በአማርኛ። ልጅነቱን ሞያሌ ነው ያሳለፈው። ባለቤቴ ወደ መስኮቱ ዞሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ቲፕ አበዛሁለት፤ ሌላ ምን ላድርግ?

ግራ ቀኙን አለመለየት

መኪናው የሚሄደው በግራ ነው። ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። እግር የለመደውን ቶሎ አይረሳም፤ እኛ አንድ ሳምንት ሙሉ በእጅ ተያይዘን ነው የተሻገርነው። ፍቅር የመሰላቸው ነበሩ።

በየቀኑ እንጀራ ፍለጋ መውጣት

ናይሮቢ ሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቷል። ችግሩም እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሽሮ ለመብላት ትራፊክ ውስጥ አሳለፍናቸው። ሰፈራችን ያለው ኡጋሊ (የበቆሎ ገንፎ) በሱኩማ ግን ርካሽ ነው፣ ያጠግባል፣ የሚበላውም በእጅ ነው። ንያማ ቾማም እንደኛ ሥጋ ቤት በኪሎ ታዞ፣ ተጠብሶ፣ እንጨት ላይ ተከትፎ ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ ሆዴን አባባው። አንድ ምግብ አዘን ለሁለት ስንበላ አስተናጋጇ ሁለተኛ ሳህን ይዛ መጣች። መልሰንላት አንድ ላይ በላን። በማግስቱ ደግማ አመጣች። በሦስተኛው ቀን ተወችን።

ማህተሙን አለማንበብ

ድንበር ላይ ፓስፖርታችሁ ተመቶ ሲሰጣችሁ የተፈቀደላችሁን ቀን ሁለታችሁም እዚያው መስኮቱ ላይ አንብቡ። የአንዳችሁና የሌላችሁ አንድ ነው ብላችሁ አታስቡ። መራዘም ካለበት ደግሞ ሳያልፍ ነው። እኛ የኔን ያየነው ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ደግነቱ ደረስንበት።

ሃያ አራት ሰዓት አብሮ መዋል

ይሄ ዋናው ነው፤ ማንም አልነገረንም።

እኛ ክረምቱ ሰኔ ነው ብለን ነው ያሰላነው። ኬንያ ውስጥ ግን ረዥሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። እኛ ለባሕር ዋና ሞምባሳ የወረድነው በግንቦት መጀመሪያ ነው። ዝናቡ፣ ሙቀቱ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ። እሱ ስብሰባ ሲኖረው እኔ አልጋ ላይ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ እቀመጣለሁ። አዲስ አበባ እያለን ጠዋት ተለያይተን ማታ ነው የምንገናኘው። ስድስት ዓመት በትዳር ኖረን፣ እሱ ሻይ ሲያማስል ማንኪያውን ስንት ጊዜ ብርጭቆው ላይ እንደሚያንኳኳ አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ። አራት ጊዜ።

አንድ ቀን በማንኪያው የተነሳ ተጣላን። አትሳቁ። ከእርቁ በኋላ ሐሙስን ለየብቻ እንድንውል ተስማማን። የት ሄድክ፣ የት ሄድሽ የለም፤ ማታ ራት ላይ መገናኘት ብቻ። በመጀመሪያው ሐሙስ የሊኮኒን ጀልባ ያዝኩ። ከሞምባሳ ደሴት ወደ ማዶ የሚያሻግር ትልቅ ፌሪ ነው። ለእግረኛ በነጻ ነው። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩበት፤ ማንም ምን ትሠሪያለሽ አላለኝም።

ማታ ባለቤቴ «እሺ፣ ዛሬ ምን አየሽ?» አለኝ። ከቤት ከወጣን ጠይቆኝ አያውቅም። ምን ብሎ ይጠይቃል፣ ያየሁትን ሁሉ አብሮኝ እያየ? ጀልባው ላይ ስላየሁት ሰውዬ ነገርኩት። የሁለት ሰው ፍራሽ በራሱ ላይ ተሸክሞ ነበር። ዝናቡ ሲመጣ ስድስት ሰው ከሥሩ ተጠለለ።