የውጤት ገጹ እውነተኛ መሆኑን ስልካችሁ ይንገራችሁ
ሐዋሳ ውስጥ የልጆቻችሁን ውጤትና ቀሪ በስልክ ለምትከታተሉ ወላጆች፦ የሴሚስተር ማብቂያ ሲደርስ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ «ውጤት ተለቋል» የሚል ሊንክ ሊመጣ ይችላል። ገጹ የትምህርት ቤቱን ሎጎ ስለያዘ ብቻ አትመኑት፤ ሎጎ ማንም ይቀዳል።

ትምህርት ቤቱ በወረቀት የሰጣችሁን አድራሻ አንዴ ራሳችሁ ፊደል በፊደል ጽፋችሁ ግቡ። መጀመሪያ የተሰጣችሁን ፓስወርድ ወዲያው ቀይሩት፤ በተለይ የልጁ መታወቂያ ቁጥር ከሆነ፣ ያ ቁጥር ደብተሩ ሽፋን ላይ ሁሉ ይጻፋል። ክሮም (ድረ ገጽ የምትከፍቱበት መተግበሪያ) አዲሱን ፓስወርድ ላስቀምጥ ወይ ሲላችሁ እሺ በሉት፤ በዚያው አድራሻ ስትገቡ ፓስወርዱን ራሱ ይሞላላችኋል።

ከዚያ በኋላ በተላከላችሁ ሊንክ ገብታችሁ ፓስወርዱ በራሱ ካልመጣ፣ እባካችሁ በእጃችሁ አትጻፉት። ክሮም የሚያመሳክረው የገጹን መልክ ሳይሆን አድራሻውን ነው። በአድራሻው ውስጥ የእንግሊዝኛዋ «o» ፊደል በዜሮ (0) ብትተካ ዓይናችን ያልፋታል፣ ስልኩ ግን አያልፋትም።

አንዳንዴ ትምህርት ቤቱ ራሱ አድራሻ ቀይሮ ይሆናል፤ ቢሮ ደውላችሁ አረጋግጡ። ኢንተርኔት ቤት ወይም በሰው ስልክ ከገባችሁ ግን ፓስወርድ አታስቀምጡ።